ለእህታቸው መስመር የዘረጉት የአቶ አግደው አቻምየለህ የሕይወት ታሪክ

አቶ አግደው ከአባታቸው ከአቶ አቻምየለህ ተገኘ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ እንጉዳይ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1965 በጎንደር፣ ወገራ ተወለዱ። በአምባ ጊዮርጊስ ተምረው በጎንደር ከተማ የስልክ መስመር ሠራተኛ ሆኑ። ምሰሶ ላይ ሆነው ከመንገደኛው ጋር ጨዋታ ስለሚይዙ መውረዱ ይረዝምባቸው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1994 የእኔን የጸሐፊዋን ታላቅ እህት ወይዘሮ ሙሉእመቤትን አግብተው፣ በ1999 ወደ እስራኤል ገብተው፣ በቂርያት ጋት ሮኒንና ሃሬልን ወለዱ። በኢንዱስትሪ ቀጠናው በአንድ ፋብሪካ በማሸግ ሥራ ጀመሩ፤ ቆይተውም ተምረው እዚያው የኔትወርክ ቴክኒሻን ሆኑ። ታላቅ እህታቸው ወይዘሮ አስናቁ ግን ወደ እስራኤል የመግቢያ ፈቃድ እየጠበቁ ጎንደር ቀሩ። ሲለያዩ አቶ አግደው ከዚህ ቤት ደስታም ሆነ ሐዘን ያለ እርስዎ አይሆንም ብለው ቃል ገቡላቸው። ለእያንዳንዱ ግብዣ እህታቸው ከጎንደር እንዲያዩት በኢንተርኔት የቪዲዮ መስመር የሚዘረጉት ለዚህ ነበር።

በ2022 በሮኒ ሠርግ ግን ጉድ ሆነ። የአዳራሹን ጌትዌይ፣ ማለትም ኔትወርኩን ከውጭ የሚያገናኘውን ሣጥን፣ በላፕቶፕ ትእዛዝ እየጻፉ ሲያስተካክሉ፣ ራሳቸው የገቡበትን የኢተርኔት ወደብ፣ ማለትም የኬብሉን መግቢያ፣ አድራሻ ለወጡት። መስመሩ ተቆረጠ፤ እሳቸውም ከኔትወርኩ ውጭ ቀሩ። ሣጥኑ ያለበት ክፍል ቁልፍ እስኪገኝ ሑፓው፣ ሙሽሮቹ በድንኳን ሥር የሚጋቡበት ሥርዓት፣ አለቀ። ወይዘሮ አስናቁ እስክስታውን ብቻ አዩ። ምንም አይደል ቢሏቸውም፣ አቶ አግደው ሳምንት ሙሉ እህል አልበላላቸውም።

ከዚያ ወዲህ የጌትዌይ ቅንብር ከመንካታቸው በፊት ሣጥኑን «በአሥር ደቂቃ ውስጥ ደህና ነኝ ካላልኩህ ወደ ነበርክበት ተመለስ» ብለው ያዝዙ ነበር። ወጥ ላይ ጨው ሲጨምሩም ይህ ቢቻል ደግ ነበር እያልን እንስቅባቸው ነበር፤ እጃቸው ጨው ላይ አይታመንም።

ይህን የምጽፈው እኔ፣ የሚስታቸው ታናሽ እህት መብራት፣ በዚያው ፋብሪካ የጽዳት ሠራተኛ ነበርኩ። በምሳ ሰዓት አጠገባቸው አስቀምጠው ያንን ሁሉ ትእዛዝ አስተማሩኝ። ስሳሳት አይቆጡም፤ «ደግመሽ አንብቢው፣ እሱ የትም አይሄድም» ይሉኛል። ዛሬ እኔም በዚያው ፋብሪካ ቴክኒሻን ነኝ።

ባለፈው ዓመት የጉበት ሕመም ጸናባቸው። ያስጨነቃቸው ሞቱ አልነበረም፤ ቀብራቸው ለእህታቸው እንዴት እንደሚደርስ ነበር። «በኔ ቀብር መስመሩ ቢቆረጥ ተነሥቼ አላስተካክልም» ብለው አሥቀውኝ፣ አልጋቸው ላይ ሆነው ሦስት ጊዜ አለማመዱኝ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2026 በ60 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና አንድ የልጅ ልጃቸው እንዲሁም እህታቸው በሕይወት አሉ።

ዛሬ የምንሰናበታቸውን የዚህን የቀብር አዳራሽ ጌትዌይ ዛሬ ጠዋት ያስተካከልኩት እኔ ነኝ። የአሥር ደቂቃውን ትእዛዝ አስቀድሜ ሰጥቻለሁ፤ መስመሩም አልተቆረጠም። ወይዘሮ አስናቁ ጎንደር ሆነው ይህን ሁሉ እየሰሙ ነው።

የአብርሃም፣ የይስሐቅና የያዕቆብ አምላክ የወንድማችንን ነፍስ በሕያዋን ማኅደር ያኑርልን። እትዬ አስናቁ፣ እርስዎም ከእኛ ጋር አሜን ይበሉ።