በእንቅልፍህ ስትጣራ

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ከሥራ እንደተመለስኩ

ይድረስ ለልጄ አባት፣ ለዚያ ለግትሩ ሰውዬ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? ልጅህ የፊት ጥርሷ ወልቆ ጎረቤቱን ሁሉ አፏን ከፍታ ስታሳይ ከረመች። እኔም ደህና ነኝ ልበልህ እንጂ፣ ዛሬ የሆቴሉን የትራስ ልብስ ስተኩስ በቁሜ እንቅልፍ ወስዶኝ ኖሮ የካውያው ቅርጽ ጨርቁ ላይ ቀረ። አለቃዬ አየችኝና ራሷን ነቀነቀች። ቀኑን ሙሉ የሰው አንሶላ ሳለሰልስ እውላለሁ፣ ማታ የራሴ አልጋ ይጎረብጠኛል።

ባለፈው ሰሞን ካለህበት የሱስ ማገገሚያ ሲስተሯ ሥራ ቦታ ደውላ እንቅልፍ መተኛት እንደጀመርክ ስትነግረኝ፣ ካውያውን አስቀምጬ እዚያው እንፋሎቱ መሃል ቁጭ አልኩ። ግንባርህ ላይ አስደግፈው አንጎልህን በማግኔት ቀስ አድርገው የሚነካኩበትን መሣሪያ አስረዳችኝ። እኔ ስንት ዓመት ነዝንዤ ያላስገባሁትን በማግኔት ማስገባት ይቻል ነበር እንዴ? ሐኪሙ ግን ገና ሙከራ ነው፣ ለአንዱ ይሠራል ለሌላው ላይሠራ ይችላል ማለቱን አልደበቀችኝም። ሱሱን የተወ ሰው እንቅልፍ ካጣ ወደ ክኒኑ ይመለሳል ብለው ይፈራሉ አሉ።

የእኔ ፍርሃት ሌላ ነው። ከመሰላሉ ከመውደቅህ በፊት፣ ለወገብህ ብለው ያን የህመም ክኒን ሳይሰጡህ፣ በእንቅልፍህ ታወራ ነበር። ቀን ግድግዳ ስትቀባ ውለህ ማታ «መሰላሉን ያዥ» ትለኛለህ። እኔም ዓይኔን ሳልገልጥ «ይዤዋለሁ» እልሃለሁ፣ ትተኛለህ። ክኒኑ ከመጣ በኋላ ዝም አልክ። እጄን ደረትህ ላይ አድርጌ ትንፋሽህን ስጠብቅ ይነጋብኝ ነበር። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ትንፋሽህን አጥቼ ሰፈሩን በጩኸት ቀሰቀስኩት። አንተ አታስታውሰውም። እኔ ግን እጄ እስከ ዛሬ ባዶው ቦታህ ላይ ይሄዳል።

ስለዚህ ሲስተሯን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳት፤ በእንቅልፉ ያወራል ወይ አልኳት። ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «መሰላሉን ያዥ ይላል፣ ትንሽ ይጠብቅና ይባንናል» አለችኝ።

«ይዤዋለሁ በይው» አልኳት።

ከጥቂት ቀን በኋላ ደወለች። «ይዤዋለሁ» ስትልህ ገልበጥ ብለህ እስኪነጋ ተኝተሃል። ማሽኑ ይሁን መልሱ እንጃ አለች። እኔም እንጃ። ሁለቱም ይሁኑ፣ ማን ከለከለ።

የዚያን ዕለት እኔም ሸለብ አደረገኝ። በሕልሜ ቤቱ በእንፋሎት ተሞልቶ መሰላሉ ጣሪያውን አልፎ ወጥቷል። አንተ ከላይ ሆነህ ከልጅቷ ክፍል በተረፈው ሰማያዊ ቀለም ሰማዩን ትቀባለህ፣ ጠብታው ፊቴ ላይ ይወርዳል፣ ይቀዘቅዛል። አልፈራሁም። «ይዤዋለሁ» ስል ድምፄን ሰምቼ ነቃሁ። ልጅህ ከአልጋዋ ሆና «እማ፣ ምኑን?» አለችኝ።

«አባትሽን» አልኳትና መልሳ ተኛች።

ልምጣ ወይ ብለህ ስትጽፍልኝ ስለ ዝናብ፣ ስለ ጎረቤት እያወራሁ አለፍኩህ። አውቀህብኛል። ንቄህ አይደለም። እንደዚያን ጎህ ተኝተህ እንዳትቀርብኝ ፈርቼ ነው። አሁንም እፈራለሁ። ያቃጠልኩትን የትራስ ልብስ አለቃዬ ውሰጂው ብላኝ ያንተን ትራስ አለበስኩት፤ ካለበስኩት በኋላ ነው ምን እንዳደረግኩ የገባኝ።

እንግዲህ ሐኪሙ ሲፈቅድልህ ና። ስትጣራ እመልስልሃለሁ። እኔም ግን እጄን ደረትህ ላይ አድርጌ ትንፋሽህ ከራቀብኝ እቀሰቅስሃለሁና እንዳትቆጣኝ። «አለሁ» በለኝና መልሰህ ተኛ። ያን ጊዜ እኔም እተኛለሁ።

ነቅተህም ተኝተህም እግዜር ከአጠገብህ አይራቅ። ያቺን ሲስተር ክፉ አይንካት።

መሰላሉን የያዘችልህ፣
ሚስትህ