ከግዢ በፊት የሚጠየቀው፦ የወይዘሮ ርብቃ ኢያሱ የሕይወት ታሪክ

እናታችንና እኅታችን ወይዘሮ ርብቃ ኢያሱ ከአባታቸው ከአቶ ኢያሱ ጫላና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለ ፀጋዬ በ1961 ዓ.ም. በወለጋ፣ ነቀምቴ ከተማ ተወለዱ። ዘመኑን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የጻፍነው ናይሮቢ ላደጉት ልጆች እንዲገባቸው ብለን ነው። እናታቸው «ይቺ ልጅ ተቀምጣ በልታ አታውቅም» እያሉ ያማርሩባቸው ነበር።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ነቀምቴ ካጠናቀቁ በኋላ አዲስ አበባ ገብተው በ1982 በንግድ ሥራ ዲፕሎማ አገኙ፤ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤትም የግዢ ሠራተኛ ሆኑ። በ1986 ከአቶ ወንዳፍራሽ ዓምደሚካኤል ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተጣምረው ሚርያምንና ፊሊጶስን ወለዱ። አቶ ወንዳፍራሽ በአየር መንገድ ሥራቸው ናይሮቢ ሲመደቡ፣ በ1995 ቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ እዚያው ኪሊማኒ ሰፈር ገባ። ወይዘሮ ርብቃ ሻንጣው ሁሉ ተፈቶ ሳያልቅ ሥራ ፍለጋ ወጡ። መንገድ ተዘጋግቶ ማታቱው፣ የናይሮቢው ሚኒባስ ታክሲ፣ ሲቆም መቀመጥ አይሆንላቸውም፤ ወርደው በእግራቸው ይሄዳሉ። ማታቱው ውስጥ የቀሩት ልጆች ቀድመዋቸው ይደርሱና «ማሚ፣ ማታቱው ቀደመሽ እኮ!» እያሉ ይስቁባቸው ነበር።

በዓመቱ በአንድ ዓለም አቀፍ የእርዳታ ድርጅት የግዢ ክፍል ተቀጠሩ። አለቃቸው የድሬዳዋው ሰው አቶ አብዱልአዚዝ ኑሬ፣ ዛሬ በመካከላችን ያሉት፣ ደንባቸው አጭር ነበር፦ «የተጠየቀውን በጥሩ ዋጋ፣ በቶሎ ግዢ።» ወይዘሮ ርብቃም ገዙ። ዋጋ ማወዳደር፣ ነጋዴ መከራከር፣ ዕቃውን ተከታትሎ ማስጫን ያውቁበታል። ለዓመታት ሥራው ይኸው ብቻ መሰላቸው።

በ2006 መጀመሪያ በሰሜን ምሥራቅ ኬንያ ድርቁ ሲጠና ድርጅቱ የውኃ መሳቢያ ሞተሮች እንዲገዙ አዘዘ። ወይዘሮ ርብቃ በጥቂት ቀን ገዝተው አስጫኑ፤ ተመሰገኑም። ምስጋናው ግን አላስቀመጣቸውም። «የገዛሁትን ልየው» ብለው ከጭነቱ ጋር እስከ ዋጂር አካባቢ ወረዱ። እዚያም ጉድጓዱ አጠገብ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ሌላ ሞተር አቧራ ለብሶ ቆሞ አገኙ። ውኃ ፍለጋ የመጣች አንዲት ሴት በአስተርጓሚ እንዲህ አለቻቸው፦

«አዲሱን ከአሮጌው ጎን አስቀምጡት። ጥላው ለሁለቱም ይበቃል።»

አሮጌው ሥራ ያቆመው አንዲት የጎማ ቀለበት ተበጥሳ ምትክ በመጥፋቱ ነበር። የአዲሱም መለዋወጫ ከናይሮቢ በቀር የትም አይገኝም። ሻጩ ሲሸጥላቸው ነግሯቸዋል፤ ያኔ ግን ነገሬ አላሉትም።

ከዚያ ጉዞ ሲመለሱ ምግብም እንቅልፍም እምቢ አላቸው። ጠዋት ቦርሳቸውን ሳያስቀምጡ አለቃቸው ቢሮ ገቡ።

«የገዛሁት ጥሩ ዕቃ ነው፤» አሉ። «ግን ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? ነዳጁን ማን ያደርስለታል? የሚጠቀሙበትን ሰዎችስ ማን ጠየቀ?»

«ርብቃ፣ እኛ ገዢዎች ነን። ያ የእኛ ሥራ አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ?»

ይህን ንግግር ለቤተሰቡ የነገሩት አቶ አብዱልአዚዝ ራሳቸው ናቸው።

ወይዘሮ ርብቃ በዚያው ዓመት ፕሮኪዩርመንት የሚባለውን ትምህርት ጀመሩ። አማርኛችን ይህንንም ተራውን መግዛትም ግዢ ብሎ ስለሚያልፋቸው፣ ናይሮቢ ላቪንግተን ሰፈር ለጸሎት በሚሰበሰቡበት ቤት «ልዩነቱ ምንድን ነው?» የሚላቸው አይጠፋም፤ እሳቸውም ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ያስረዱ ነበር። «ግዢ ዕቃውን አግኝቶ፣ ከፍሎ መረከብ ነው። ፕሮኪዩርመንት ግን ቀድሞ ይጀምራል፤ ምን ያስፈልጋል፣ ለማን፣ ከማን፣ በምን ውል ይላል። ዕቃው ከደረሰ በኋላም አገለገለ ወይ ብሎ ይከታተላል። ግዢ የእሱ አንዱ ክፍል ነው» ይሉ ነበር።

ይህ እውቀታቸው ግን መጀመሪያ ያመጣባቸው ሐዘን ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ ያው በድርቅ የተጎዳው አገር በጎርፍ ሲጥለቀለቅ ድንኳን በአስቸኳይ ተጠየቀ። ወይዘሮ ርብቃ አቅራቢዎቹን ሲያጣሩ፣ ሸራውን ሲያስፈትሹ ጭነቱ ዘገየ። ሰው ዝናብ ላይ አደረ። ከመስክ የደወለ ባልደረባቸው «እኅቴ፣ እኛ እዚህ ውኃ ውስጥ ቆመን አንቺ ስለ ሸራ ትጠይቂያለሽ?» አላቸው። ስልኩን ዘግተው አለቀሱ። አቶ ወንዳፍራሽ ሥራውን እንዲተዉት ለመኗቸው።

«መጠየቄ ልክ ነው፤ የጠየቅሁበት ጊዜ ነው ስሕተቱ፤» አሏቸው። «ጎርፉ ሳይመጣ መጠየቅ ነበረብኝ።»

2007ን መንገድ ላይ አሳለፉት። በምዕራብ ኬንያ ከናኩሩ ከተማ እስከ ኤልዶሬት እየተመላለሱ፣ የብርድ ልብስና የሸራ ነጋዴዎችን መጋዘን በዓይናቸው እያዩ፣ ችግር ቢመጣ በምን ዋጋና ምን ያህል ፈጥነው እንደሚያቀርቡ ከነጋዴዎቹ ጋር አስቀድመው ተዋዋሉ። ቢሮ ውስጥ «ምንም ሳትገዛ ዓመት ሞላት» ብለው ያሟቸው ነበሩ።

በ2008 ጃንዋሪ፣ የኬንያን ምርጫ ተከትሎ ሁከት ተነሥቶ መንገዱ ሲዘጋ፣ ከናይሮቢ መኪና መላክ አልተቻለም። የናኩሩው ነጋዴ ግን በውሉ መሠረት ከገዛ መጋዘኑ ብርድ ልብስ አውጥቶ እዚያው ለተጠለሉት ተፈናቃዮች አደረሰ። ወይዘሮ ርብቃ ይህን ሁሉ ያስፈጸሙት ኪሊማኒ ቤታቸው ሆነው፣ ስልክ ጆሯቸው ላይ፣ ከመስኮት ወደ በር እየተመላለሱ ነው። አቶ አብዱልአዚዝ ደውለው «አሁን ገባኝ፣ ርብቃ» አሏቸው።

«የኤልዶሬቱ ጭነት አልወጣም፤» ሲሉ መለሱ። «ሕፃናቱ ብርድ ላይ ናቸው። ስልኩን ይልቀቁልኝ።»

የኤልዶሬቱ ጭነት የደረሰው ብዙ ዘግይቶ ነው። የክፍሉ ኃላፊ ሆነው በተሾሙበት ቀን እንኳ ያነሡት የናኩሩን ሳይሆን ይህንኑ ነበር።

በ2009 መጀመሪያ ጉበታቸው ላይ ካንሰር ተገኘ። ሐኪሞች ከሥራ እንዲርቁ ቢመክሯቸውም አቅማቸው እስኪከዳቸው ድረስ ቢሮ ገቡ። በመጨረሻው እሑድ ሚርያምን «በረንዳ ላይ አውጪኝ» አሏት። ረፋዱን ሙሉ እዚያ ተቀመጡ። ስልክ አልጠየቁም፤ ማን መጣ፣ ማን ቀረ አላሉም።

«ማሚ፣ ኦኬ ነሽ?»

«ዝም ብለሽ አጠገቤ ተቀመጪ።»

ሚርያም እናቷን እንዲህ ሆነው አይታቸው አታውቅም። እጃቸውን ይዛ አለቀሰች።

ወይዘሮ ርብቃ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ሴፕቴምበር 17 ቀን 2009 ዓ.ም. በተወለዱ በ48 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን አቶ ወንዳፍራሽን፣ ልጆቻቸውን ሚርያምንና ፊሊጶስን፣ ነቀምቴ ያሉትን እናታቸውን ወይዘሮ አስካለን፣ እንዲሁም እኅት ወንድሞቻቸውን ትተው ሄደዋል።

ሰው ሲሞት አረፈ እንላለን። ስለ ርብቃ ይህን ቃል መጻፍ ለእኛ ለቤተሰቦቻቸው ከብዶናል፤ አርፈው አይተናቸው አናውቅምና። የማይደክመው አምላክ እሳቸውን በዕቅፉ ያሳርፍልን፤ እኛን ያጽናናን። አሜን።