ይታየሽ በግቢያችን የተማረችው

ሰቆጣ፣ መስከረም መግቢያ

ውድ አባቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ክረምቱ ለእኛ ደግ ነበር፤ ዝናቡም አላስከፋን። ይታየሽም እኔም በአካል ደኅና ነን። የቀረውን ግን እንዲህ በአንድ መስመር አልጨርሰውም።

ይህን ወረቀት የሚያደርስልዎት ጎረቤትዎ ወንዳወቅ ነው፤ ገበያ መጥቶ ነገ ወደ ፃግብጂ ስለሚመለስ አደራ ብዬዋለሁ። ስልክ እያለ ወረቀት ምን አመጣው እንደሚሉ አውቃለሁ። ስልኩንማ ሞክሬ ነበር። ገና «ስለ ይታየሽ…» ከማለቴ «ኔትወርኩ አይሰማም» ብለው ዘጉብኝ። ስለ ላሚቱ መታመም ስናወራ ግን ጥርት አድርጎ ያሰማን ነበር፣ አባዬ። ወረቀት መሃል ላይ አይዘጋም ብዬ ጻፍሁ። ዓይንዎ ቢደክምም ለሰው ሰጥተው አያስነብቡት፤ ዳዊት የሚደግሙበትን መነጽር ያድርጉና ቀስ ብለው ለብቻዎ ያንብቡት።

ለመስቀል መጥተው ይታየሽን ወደ ፃግብጂ ሊወስዷት እንዳሰቡ ወንዳወቅ ነግሮኛል። ትምህርት ቤት ላስመዘግባት ስጠያይቅ ሰምተው ኖሯል። ሊወስዷት የፈለጉበትን ምክንያት አውቀዋለሁ፤ ከሰው አፍ ሊያርቋት ነው። ከመምጣትዎ በፊት ግን አንድ ነገር ማወቅ አለብዎት። ለዚያም ትንሽ ወደ ኋላ ልመልስዎት ነው።

እህቴ ዓይናዲስ ለቤት ሠራተኝነት ጅዳ ስትሄድ ልጇ ገና ጡት መተዋ ነበር። የልጅቱ አባት ከዚያ በፊት ሑመራ ወርዶ ሌላ ትዳር ስለያዘ ይታየሽ እኔ እጅ ላይ ቀረች። ዓይናዲስ ታማ እዚያው መሞቷ የተሰማ ጊዜ ልጅቱ ሦስት ዓመቷ ነበር። ሽማግሌዎች በማለዳ መጥተው እርስዎንና እኔን ሲያረዱን፣ የክርስትና እናቷ አምሳለ በጓሮ በር አዝላት ወጣች። አስከሬን የሌለበት ለቅሶ ተቀመጥን። ፎቶዋንና ቀሚሷን ይዘን ደረታችንን ደቃን። ለቅሶው ሲያበቃ እርስዎ «ሕፃን መርዶ አይችልም፤ አጥንቷ ሲጠና እኔው ራሴ እነግራታለሁ» አሉ። ማንም ቃልዎን አልመለሰም። ከደግነት እንደተናገሩት ያኔም አውቄ ነበር፣ ዛሬም አውቃለሁ።

ግን ከባድ ነበር፣ አባዬ። ልጅቱ እንዳትጠይቀኝ ብዬ ጥቁሩን ልብስ ከበር ስወጣ ለብሼ፣ ስገባ አወልቀው ነበር። ከለቅሶው ወዲህ እርስዎ የዓይናዲስን ስም ሲጠሩ ሰምቼ አላውቅም፤ ለልጅቱም ለእኔም «እናትሽ»፣ «እህትሽ» ይላሉ እንጂ። እኔም ስሟን የምጠራበት ሰው አጣሁ። የአንድ ቤት ልጆች ሆነን ለየብቻችን ነው ያዘንነው።

አፀደ ሕፃናት እንዳትገባ የከለከሉትም ለዚሁ ነው። «የልጅ አፍ አይታሰርም፤ አንዱ ይነግራታል» አሉኝ። እኔ የመምህርነት ኮሌጅ ጨርሼ፣ ምደባ እስኪመጣ ብዬ ልብስ ስፌት የያዝሁ ሰው ነኝ። የስፌት መኪናዬ በረንዳ ላይ ነው፣ ልጅቱም ከእግሬ ሥር አትጠፋም። እንግዲያውስ ቤት አስተምራታለሁ ብል «በምንሽ?» ብለው ሳቁብኝ። ሥዕል ያለበት መጽሐፍ የለ፣ መጫወቻ የለ። ግቢው አለ አልሁዎት፤ እውነትም በቃን።

ሲመጡ አፈር ለአፈር ስትንከባለል ስለሚያገኟት ሥራ ፈት ያደረግኋት እንዳይመስልዎት፣ ምን እንደምንማር ልንገርዎት። ቁጥር የምትቆጥረው ከወንዝ በለቀመቻቸው ጠጠሮች ነው፤ ከእኔ ጋር በአማርኛ፣ ከአምሳለ ጋር በኽምጣና። ማሽላ፣ ገብስና ሽንብራ ቀላቅዬ በሰፌድ እሰጣታለሁ፤ ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ብቻ ትለያቸዋለች። ፊደል የምትጽፈው በተነፋ አመድ ላይ በእንጨት ነው፤ ስትሳሳት በመዳፏ ታብሰዋለች፣ ማንም አይቆጣትም። የወይራችን ጥላ ጠዋት የት እንደሚደርስ፣ እኩለ ቀን ላይ የት እንደሚሸሽ ድንጋይ እያስቀመጠች ታያለች። ዝናብ ሲዘንብ ጣሳ ደጅ አውጥታ ታስቀምጥና ሲያባራ ውኃው የት እንደደረሰ በጣቷ ትለካለች። ባቄላም በጣሳ ዘርተን ነበር። በቅላለች አልበቀለችም እያለች በየጠዋቱ ስትቆፍራት አንዷን ገደለቻት። በሁለተኛዋ ትዕግሥት ተማረች፤ ባቄላዋም አድጋ አበባ አወጣች። ትዕግሥቱን ከእርስዎ አልወረሰችም።

አንድ ቀን ጉንዳኖች የሞተች ጉንዳን ተሸክመው ሲሄዱ ተንበርክካ ስታይ ቆየችና «ቀብር ነው?» አለችኝ። ክር እየተበጠሰብኝ ስበሳጭ ስለነበር «መሰለኝ» ብዬ አለፍሁ። ቀብር የሚባለውን ነገር ከየት አመጣችው ብዬ አልጠየቅሁም።

እርስዎ በየወሩ ሲመጡ ጉልበትዎ ላይ ያስቀምጧታል። «እናትሽ ለፋሲካ ትመጣለች፤ ቀይ ቀሚስ ይዛልሽ» ይሏታል። ፋሲካ ሲያልፍ ለገና ይሆናል፣ ገና ሲያልፍ ደግሞ ተመልሶ ለፋሲካ። ሲነግሯት ፊትዎ እንዴት እንደሚበራ! እሷም «አባባ!» እያለች ታጨበጭብልዎታለች። ከዚያ እርስዎ የላኩልንን ቀፎ ልየው ብለው ከቤቱ ጀርባ ይሄዳሉ። ንቦቹ ደኅና መሆናቸውን እርስዎም እኔም እናውቃለን። በጋቢዎ ጫፍ ዓይንዎን ሲጠርጉ በመስኮት አይቼዎታለሁ፤ ወጥቼ አጠገብዎ ለመቆም ግን ደፍሬ አላውቅም።

ባለፈው ሰኔ ይታየሽን ይዣት ገበያ ወርጄ ነበር። ከእህቴ ጋር ያደገች አንዲት ቅመም ሻጭ አየቻትና ዕቃዋን ትታ ተነሣች። እቅፍ አድርጋ ትስማት፣ ታለቅስ ጀመር። «ቁርጥ እናቷን! አይ ዓይናዲስዬ፣ ይህችን ሳታይ አፈር ገባሽ…» ስትል የልጅቱን እጅ ጎትቼ በሕዝቡ መሃል ገባሁ። ሸንኮራ ገዛሁላት። እየመጠጠች ቤት ገባን፤ ምንም አልጠየቀችኝም። ልጅ ናት፣ ረሳችው ብዬ ደስ አለኝ።

ያለፈው ሳምንት ትምህርታችን ሕይወት ስላለውና ሕይወት ስለሌለው ነገር ነበር። ኮሌጅ እያለን እንዲህ አድርጋችሁ አስተምሩ ብለውናል። መሬት ላይ ሁለት ክብ አሰመርሁ። በአንዱ ሕይወት ያለውን፣ በሌላው የሌለውን እንድታስቀምጥ ነገርኋትና ስፌቴን ቀጠልሁ። ድንጋይ፣ ቆርኪ፣ የገንቦ ስባሪ ወደ አንዱ ሄደ። አደይ አበባ ከነሥሯ፣ ቀንድ አውጣና አንዲት ጢንዚዛ ወደ ሌላው ገቡ። ጢንዚዛዋ ከክቡ በወጣች ቁጥር እየመለሰቻት ትስቅ ነበር። ከዚያ ከቀፎው ሥር የሞተች ንብ አገኘች።

«ዝንዬ፣ ይህችስ?» አለችኝ።

«እስቲ አንቺ ንገሪኝ።»

«ሕይወት የላትም። ግን እንደ ድንጋይ አይደለችም። ነበራት እኮ።»

ኮሌጅ ያስተማሩን ሁለት ክብ ብቻ ነበር። እሷም ቆማ አልጠበቀችኝም፤ በእንጨቷ ራሷ ሦስተኛ ክብ አሰመረች። ንቧን አስገባች፣ የደረቀ ቅጠል አስገባች፣ ባዶ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ጨመረች። ከዚያ ቤት ገብታ ቆየች። ስትወጣ ሣጥን ውስጥ ያስቀመጥሁትን የዓይናዲስን ቢጫ ሻሽ ይዛለች። አጣጥፋ ከንቧ አጠገብ አስቀመጠችው። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገችና «ጨረስሁ» አለችኝ።

መኪናውን አቆምሁ። «ይሄ የማን ነው?» አልኋት፣ የማን እንደሆነ እያወቅሁ።

«የእማ።»

«እማ እኮ ጅዳ ናት» አልሁ። አፌ ስለለመደው ያኔም ዋሸሁ።

አላመነችኝም፤ አልተቆጣችኝምም። ጎንበስ ብላ ሻሹን አነሣችና «አባባ ሲመጣ እንዳያየው፣ እንመልሰው» አለች።

«ለምን? ቢያየው ምን ይላል?»

«አያውቅማ! እሱ እኮ ለፋሲካ ትመጣለች ብሎ ይጠብቃታል። ካወቀ ያለቅሳል።»

አባቴ፣ እዚህ ላይ መነጽርዎን አውልቀው ትንሽ ይረፉ። እኔም ይህን ስጽፍ እስክሪብቶውን አስቀምጬ ውጭ ቆይቼ ነው የተመለስሁት።

ማን እንደነገራት ጠየቅኋት። «ቅመም ሻጯ አለቀሰች። አንቺ ደግሞ እጄን ጨምድደሽ አሳመምሽኝ» አለች። በቃ ይኸው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ታውቃለች። ክረምቱን ሙሉ እርስዎ ስለ ቀይ ቀሚሱ ሲነግሯት ያጨበጨበችው ደስታዎ እንዳይጠፋ ብላ ነው። እኛ ከእሷ እንደደበቅን እሷም ከእርስዎ ስትደብቅ ከርማለች። መደበቅን ማን አስተማራት ብዬ በእርስዎ ላይ አላላክክም፤ ከጠጠሩና ከፊደሉ ጋር እኔም አብሬ አስተምሬያታለሁ።

የዚያን ዕለት እውነቱን ነገርኋት። እማ ታመመች፣ ሞተች፣ እዚያው ጅዳ ተቀበረች አልኋት። ዓይን ዓይኔን እያየች አዳመጠችኝ። «አፈር ውስጥ?» አለች። አዎ አልሁ። ወደ ባቄላው ጣሳ ዞራ «ትበቅላለች?» አለችኝ። እንደ ባቄላ አትበቅልም አልኋት፤ በየጠዋቱ እየተነሣች የምትጠብቀው ነገር እንዳይኖር ብዬ። ስለ ትንሣኤ ልነግራት ፈልጌ ነበር፤ ጀመርሁና ተውሁት። ያ የእርስዎ ነው፣ አባዬ። እርስዎ ሲናገሩት ሰው ያምንዎታል።

ለአምሳለ ሄጄ ብነግራት ቡናዋን እየለቀመች ነበር፤ እጇ ሰፌዱ ላይ ደርቆ ቀረ። «አባትሽ ይቆጡሻል፤ ቃላቸውን አፍርሰሻል» አለችኝ። «ይቆጡኝ» አልኋት። ሰፌዱን ወደ ጎን አድርጋ «ያን ቀን አዝያት ስወጣ 'የሚያለቅሰው ማነው?' እያለች ጀርባዬ ላይ ትጠይቀኝ ነበር። ከብት ነው አልኋት» አለችና ማልቀስ ጀመረች። ለዓይናዲስ ሁለታችን አብረን ስናለቅስ ያ የመጀመሪያችን ነበር።

ትናንት ደግሞ ይታየሽ እህል እየለየች ሳለ «አባባን ማን ያረዳዋል?» አለችኝ። የሚያረዱት ሽማግሌዎች ናቸው አልኋት። አሰበችና «እኔ ልንገረው። በጠዋት ነው አይደል የሚነገረው? አንቺና አምሳለ አጠገቤ ቁሙ» አለች። አባባ እኮ ያውቃል ልላት አፌን ከፈትሁ፤ መልሼ ዘጋሁት። ያንን እኔ ብነግራት እርስዎን አሳልፌ መስጠት መሰለኝ። ከራስዎ አንደበት ትስማው።

ስለዚህ አባቴ፣ ለመስቀል ይምጡ፤ ጉልበትዎ ከፈቀደልዎ ቀደም ብለው ይምጡ። እናትሽ ትመጣለች ማለቱን ይተዉላት፣ እግርዎ ሥር ወድቄ እለምንዎታለሁ። ከመንገድ አርፈው ያድራሉ፤ በማለዳ መጥታ ፊትዎ ትቆማለች። አያቋርጧት። «አውቃለሁ» አይበሏት፤ ቃሏን ትጨርስ። ስትጨርስ እንደሚያውቁ ይንገሯት፣ ለምን እንደደበቁም ይንገሯት። ትረዳዎታለች፤ እሷም የደበቀችው በዚያው ምክንያት ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ፃግብጂ ልውሰዳት ካሉ እንነጋገራለን። እኔ ግን እዚሁ ከእኩዮቿ ጋር ትምህርት ቤት እንድትገባ እፈልጋለሁ፤ ከእንግዲህ ማንም የሚነግራት አዲስ ነገር የለም።

እንባዎ ሲመጣ ደግሞ አይያዙት። እዚያው ፊቷ ላይ፣ ዓይናዲስ ብለው ስሟን ጠርተው ያልቅሱ። ይታየሽ እስከ ዛሬ አንድ ዘለላ እንባ አላወጣችም። ለምን አታለቅሺም ብላት፣ «አባባ ብቻውን እንዳያለቅስ እየጠበቅሁት ነው» አለችኝ።

ልጅዎ
ዝናሽ ምሳው