የሐይቅ ዳሯ ወይዘሮ አበዛሽ ገሠሠ የሕይወት ታሪክ (1941–2018 ዓ.ም.)

ወይዘሮ አበዛሽ ገሠሠ ከአባታቸው ከአቶ ገሠሠ ወልደሰንበትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ይመኙሻል ተክሌ፣ በአርሲ በአቦምሳ ከተማ፣ ጥር 12 ቀን 1941 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታችን ከቡልጋ በሥራ ተዛውረው የመጡ የግምጃ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ከስድስት ልጆቻቸው ያደግነው ሁለት ብቻ ነን፤ እሳቸውና ይህን ታሪክ የጻፍኩት ታናሽ ወንድማቸው ማስረሻ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እዚያው አቦምሳ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። በየዓመቱ ከክፍላቸው አንደኛ ይወጡ እንደነበር እናታችን እስኪሞቱ ድረስ ይናገሩ ነበር። ሰባተኛ ክፍል ለመግባት አሰላ መሄድ ነበረባቸው፤ አባታችን ሴት ልጅ ብቻዋን በሰው አገር አትቀመጥም ብለው ከለከሉ። በ1957 ዓ.ም.፣ በአሥራ ስድስት ዓመታቸው፣ አርሲ ነገሌ ለሚኖሩ አንድ የእህል ነጋዴ ተዳሩ። ሦስት ዓመት ኖረው ልጅ ባለመውለዳቸው ትዳሩ ፈረሰ። ሻንጣቸውን ይዘው ሲመለሱ አባታችን በር ላይ ቆመው፣ «ወደ ቤትሽ ተመለሺ» አሏቸው። «ቤቴ ይኼ መስሎኝ ነው የመጣሁት» ሲሉ ሰምቻለሁ። ሻንጣቸውን አንሥተው ሄዱ።

በ1961 ዓ.ም. ዛሬ ባቱ ወደምትባለው ወደ ዝዋይ መጡ። ያን ጊዜ ከተማዋ በመንገዱ ግራና ቀኝ ከተሰለፉት ቤቶችና ከሐይቁ በቀር ብዙም የላትም ነበር። በሐይቁ ዳር በነበረ አንድ ማረፊያ ቤት ዓሣ ጠባሽ ሆነው ተቀጠሩ። እዚያ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ እያመጡ የሚሸጡትን የመቂዋን ወይዘሮ ጉዲቱን ተዋወቁ። አንዷ አማርኛ፣ አንዷ ኦሮምኛ እያስተማሩ ተላመዱ። በ1965 ዓ.ም. ሁለቱ ሆነው ከውኃው ጥቂት ርቀት ላይ አንድ አዳራሽና ሦስት ክፍል ያለው ቤት ሠሩ። በሩ ላይ የተጻፈው «ሐይቅ ዳር መዝናኛ» የሚል ነበር። ሰው ግን «አበዛሽ ቤት» ነው ያለው፤ እስከ መጨረሻውም እንደዚያው ቀረ።

ቤቱ የጭፈራ ቤት ነበር። ቅዳሜና እሑድ አኮርዲዮን፣ ከበሮና አንድ ዘፋኝ ነበረው፤ በኋላ ቴፕ ገባ። የሚመጣው ዓሣ አጥማጁ፣ የመንግሥት እርሻ ሠራተኛው፣ የሻሸመኔ መንገድ ሾፌሩ፣ ለእሑድ ሽርሽር ከአዲስ አበባ የሚወርደው ነበር። በዚያ አዳራሽ ተዋውቀው የተጋቡ ዛሬ ከዚህ ከተሰበሰባችሁት መካከል አላችሁ። እህቴ ራሳቸው በደንብ ይጨፍሩ ነበር። ሥራው ግን ዳንስ ብቻ አልነበረም። ሌላው ሲዝናና እሳቸው ሲቆሙ፣ የሰከረውን ሲሸኙ፣ የተጣላውን ሲያስታርቁ፣ ሰኞ ጠዋት ወለል ሲያጥቡ ኖረዋል። እግራቸው ያበጠው ያኔ ነው፤ ከዚያ ወዲያ እብጠቱ አልለቀቃቸውም።

አባታችን በ1963 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ እናታችንን የጦሩት፣ እኔንም እስከ መምህራን ማሠልጠኛ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የምለብሰው ሸሚዝ፣ የማነበው መጽሐፍ ከዚያ አዳራሽ ነው የመጣው።

በ1967ቱ አዋጅ ቤቱ ተወረሰ። ዕቃው ተመዝግቦ የሕዝብ መዝናኛ ተባለ፤ እህቴም ሠራተኛ ሆነው እንዲቀጥሉ ተደረገ። «በገዛ ቤቴ ተቀጠርኩ» ብለው ይስቁ ነበር። ሰዓት እላፊ ሲታወጅ ጭፈራውን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አደረጉት። ወይዘሮ ጉዲቱ መስኮቶቹን በብርድ ልብስ ይሸፍናሉ፣ ሰዉ ፀሐይዋን ደጅ ትቶ ይገባል፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ላቡን እየጠረገ ወደ ቤቱ ይበተናል። ብዙ ወጣት የጠፋበት ዘመን ነበር። እህቴ ስለዚያ ጊዜ ሲጠየቁ፣ «ሰው የሚጨፍረው ደስ ስላለው ብቻ እንዳይመስልህ» ይሉኝ ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን መጻፍ ይከብደኛል።

እኔ ናዝሬት ላይ የታሪክ መምህር ሆንኩ። ስለ ቤተሰቤ ሲጠይቁኝ፣ እህቴ አርሲ ነገሌ እህል ትነግዳለች እል ነበር። በ1974 ዓ.ም. ሳገባ ለአማቾቼም ያንኑ ነገርኩ። ከሠርጉ በፊት ዝዋይ ሄጄ፣ «እት አበዛ፣ እባክሽ፣ ቤቱን አታንሺብኝ» አልኳቸው። «እሺ ማሲ፣ የነጋዴ ልብስ እገዛለሁ» አሉኝ።

መጡ። ነጭ በነጭ ለብሰው ከሴቶቹ ጋር ተቀመጡ። የሙሽራዋ አጎት አቶ ነገሪ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ፤ አይተዋቸው ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

«አበዛሽ! የዝዋይዋ! አካም ጅርታ? ዛሬማ አንቺ ካልጨፈርሽ ሠርጉ አይደምቅም!»

ከልባቸው ደስ ብሏቸው ነበር። ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ዞረ።

«ተሳስተዋል ጌታዬ» አሉ እህቴ። «እኔ ዝዋይን በመንገድ ሳልፍ እንጂ አላውቃትም።»

አቶ ነገሪ ወደ እኔ ተመለከቱ። «የአርሲ ነገሌዋ እህቴ ናት» አልኩ። እሳቸውም ይቅርታ ጠይቀው ተቀመጡ። እህቴ አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ብለው ምሳ ሳይቀርብ ወጡ። ተከትዬ አልሸኘኋቸውም። ያስተማሩኝ እህቴ በሠርጌ ቀን እህል ሳይቀምሱ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ አሥራ ስድስት ዓመት አልተጠያየቅንም። በ1978 ዓ.ም. በእናታችን ቀብር ላይ አንድ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሰላምታ ብቻ ተለዋወጥን። በእነዚያ ዓመታት እቤታቸው ትሠራ የነበረች አንዲት ሴት በወሊድ ብትሞት ልዩ የምትባለውን ሕፃኗን ወስደው እንደ ልጃቸው አሳደጉ፤ እኔ ይህን የሰማሁት ልጅቷ ትምህርት ቤት ከገባች በኋላ ነው። በ1985 ዓ.ም. ቤታቸውን በኪራይ መልሰው ያዙ።

በየካቲት 1990 ዓ.ም. አርባ ተማሪዎች ይዤ ለጉብኝት ዝዋይ ሄድኩ። የሐይቁን ዳር የሚያሳየን ሰው ስንጠይቅ፣ «ስለ ከተማው ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም» ብለው አንዲት ሴት ጠሩልን። እህቴ ነበሩ።

አዩኝ። እንደማያውቁኝ ሆነው ተማሪዎቹን ሰበሰቡ። የመጀመሪያው የመብራት ሞተር የት እንደተተከለ፣ የደሴቶቹ የዛይ ሰዎች በደንገል ጀልባ ምን ጭነው ይመጡ እንደነበር፣ በየትኛው ዓመት ውኃው እስከ መንገዱ እንደወጣ፣ በማዕበል የሞቱትን ዓሣ አጥማጆች በስማቸው እየጠሩ ሁለት ሰዓት ሙሉ አስተማሯቸው። እኔ አሥራ ምናምን ዓመት ታሪክ ሳስተምር እንደዚያ ጸጥ ብለው ሰምተውኝ አያውቁም። አንድ ተማሪ፣ «እማማ፣ ይህን ሁሉ ከየት አወቁት?» አላቸው።

«ጭፈራ ቤት አለኝ፤ የሚመጣውን ሰው እየጠየቅኩ ነው» አሉት።

ያን ዕለትም አልተናገርኩም። አመስግኜ አውቶቡስ ውስጥ ገባሁ። መቂ ስንደርስ ተነሥቼ፣ «ያስተማረቻችሁ ሴት እህቴ ናት፤ እኔንም ያስተማረችኝ እሷ ናት» አልኩ። እቤት ገብቼ ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት። እሷ ግን አልደነገጠችም። «አጎቴ የሠርጋችን ሳምንት ነግሮኛል» አለችኝ። «አንተ እስክትነግረኝ ስጠብቅ ነው የኖርኩት።»

በማግሥቱ ቅዳሜ ባለቤቴን ይዤ ዝዋይ ሄድኩ። እህቴ በሩ ላይ አገኙን። ይቅርታ ለማለት ብዙ አስቤ ነበር፤ አላስጨረሱኝም። «ግቡ፣ ዓሣው እየቀዘቀዘ ነው» አሉን። ስንበላ ቆመው አዩን። ለማልቀስም የደከሙ ይመስሉ ነበር።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የከተማዋን ታሪክ አብረን መጻፍ ያዝን። እሳቸው ሽማግሌዎቹን እየጠሩ ይጠይቃሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ወይዘሮ ጉዲቱ የኦሮምኛውን ይተረጉማሉ። አሥራ አንድ ደብተር ሞላ። በ2005 ዓ.ም. ወደ አንድ ትንሽ መጽሐፍ ስጠርዘው፣ ስለ መዝናኛ ቤቶቹ የተጻፈውን ምዕራፍ ለትምህርት ቤት አይመችም ብዬ አወጣሁት። እህቴ መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው ካነበቡ በኋላ፣ «ማሲ፣ እኔ የኖርኩበት የታለ?» አሉኝ። አልተቆጡም፤ የደከመ ድምፅ ነበር። ምዕራፉን መለስኩት። መጽሐፉ ዛሬ በከተማዋ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል፤ ከሁሉ ይልቅ የሚነበበውም ያው ምዕራፍ መሆኑን ሠራተኛዋ ነግራኛለች።

በ2009 ዓ.ም. ግቢው ለልማት ተፈልጎ ፈረሰ። ምትክ ቦታ ከሐይቁ ራቅ ብሎ ተሰጣቸው። ሐዘናቸውን አላሳዩም። የአበባ እርሻ ወጣት ሠራተኞች የሚዝናኑባቸው አዳዲስ ቤቶች ሲከፈቱ ልዩ እየነዳች ትወስዳቸው ነበር። ሙዚቃው ጆሮ ይበጥሳል ብለው ያማርራሉ፤ ቶሎ ግን አይነሡም።

ስኳር ሕመማቸው ኩላሊታቸውን ስለጎዳው በ2014 ዓ.ም. አዳማ እኛ ቤት ገቡ። ለአራት ዓመት በሳምንት ሁለት ቀን እጥበት አደረጉ። ጠዋት በባጃጅ ወስጄ ከሰዓት በኋላ እመልሳቸው ነበር። እውነቱን ለመናገር ሁላችንም ደክመን ነበር፤ እሳቸውም፣ ልዩም፣ ባለቤቴም፣ እኔም። አንዳንድ ቀን ሳንነጋገር ሄደን ሳንነጋገር እንመለሳለን። አንድ ማክሰኞ ግን ማሽኑ ላይ ተኝተው እጄን ያዙኝ።

«ስሞት የምትጽፈው አንተ ነህ አይደል?»

«እት አበዛ፣ ምን ያስቸኩልሻል?»

«‹በንግድ ሥራ ተሰማርተው› ብለህ እንዳታልፈኝ። የሠራሁትን ጻፍ። ቄሱም ፊት ይነበብ። ንስሐ የገባሁበትን እሱ ያውቃል፤ በቀረው አላፍርም።»

«የሠርጉንስ?»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። «እሱን እንደፈለግህ» አሉኝ። «እኔ ድሮ ረስቼዋለሁ።»

እኔ አልረሳሁትም፤ ስለዚህ ጻፍኩት።

ወይዘሮ አበዛሽ ገሠሠ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ በተወለዱ በ76 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ። በኑዛዜያቸው መሠረት ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ ከሃምሳ ዓመት በላይ በኖሩባት በባቱ ይፈጸማል።

ያሳደጓት ልጃቸው ልዩ፣ የልጅ ልጃቸው ገመቹ፣ የሥራና የዕድሜ ልክ ጓደኛቸው ወይዘሮ ጉዲቱ፣ እኔ ወንድማቸው፣ ባለቤቴና ልጆቻችን ከኋላቸው ቀርተናል። በሕመማቸው ላልተለዩን፣ ከባቱ እየተመላለሱ ለጠየቁን፣ ዛሬም ሥራቸውን ትተው ለቆሙት ሁሉ እግዚአብሔር ብድራቸውን ይክፈል።

የደከሙትን ወደ እኔ ኑ ያለ አምላክ፣ ሰው እንዲያርፍ ዕድሜያቸውን በእግራቸው ቆመው የጨረሱትን እህታችንን፣ አሁን እሳቸውን ያሳርፍልን። አሜን።