የአውራ ዶሮው የአንገት ላባ

ልጄ ሙባሪክ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ከኖርዌይ ብርድ ይሰውርህ፣ ከክፉ ዓይን ይጠብቅልኝ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ቡታጅራ ዝናቡ ገብቷል። አባትህ ጉልበቱን ያመዋል፤ ሐኪም ቤት ሂድ ብለው አይሰማኝም፣ ያው እንዳንተ።

የላክኸውን ቪዲዮ እህትህ ሩፋይዳ አሳየችኝ። ይህን የሚያህል ሰውዬ አጎንብሰህ መንጠቆ ላይ ላባ በክር እየጠመጠምክ ዝንብ ትሠራለህ! እኛ እዚህ ዝንብ ስናባርር እንውላለን። ዓሣው እውነተኛ ዝንብ መስሎት ይነክሰዋል አልክ፣ እሺ። ከያዝከው በኋላ መልሰህ ውኃው ውስጥ ትለቀዋለህ? ላትበላው ለምን ታንገላታዋለህ?

የቀይ አውራ ዶሮ የአንገት ላባ ላኪልኝ ማለትህ ደግሞ ባሰ። ገበያ ወጥቼ ላባ ብቻ ሽጡልኝ ብል ሳቁብኝ። የኛ ቀዩ እንደሆነ አንተ ስትመጣ የሚታረድልህ ነው፣ ቢላ አላስነካውም። አጎትህ ሸረፋ እግሩን ያዘልኝና ከአንገቱ ነቀልኩልህ፤ ይኸው በፌስታል ጠቅልዬዋለሁ። አሁን አንገቱ ተራቁቶ ግቢውን ይዞራል፣ እኔን ሲያይ ይሸሻል። ጎረቤቱም ሊያየው ይመጣል።

አላህ ዕድሜህን ያርዝምልኝ። ሌላ ላባ አትጠይቀኝ ልጄ፤ የዶሮው አንገት መልሶ ሳያበቅል ና።

እናትህ