ማሳው ታርሷል፣ ተኛ

ሰኔ 12 ቀን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ

ለልጄ፣ ለመቀናጆዬ ልጅ፣

ብዕሩን የያዘው የትራክተሩ ነጂ ነው። እኔ ናፍጣ ነው የምለው፤ ከደጅ ሳይገባ ሽታው ቀድሞት ይገባል። ይሄንንም ጻፈው ስለው ሳቀ እንጂ አልተቀየመም። አትደነቂ። ድሮ ደብዳቤ የሚጽፍልኝ አስተማሪ ተዛውሮ ሄዷል። ጎረቤቱም መሬቱን ለማኅበሩ አስረክቦ ገሚሱ ወደ ከተማ ተበትኗል። እሑድ ከሰዓት እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ፣ ፊደልም የሚያውቅ የቀረው ይሄ ጢሙ የሸበተ ሰውዬ ብቻ ነው። የሚያድረውም አባትሽ ይተኛባት በነበረችው ክፍል ነው። «ጽሑፌ እንደ እርሻዬ ቀጥ ያለ ነው» ይላል። እኔ በምን አውቄ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ። ጮክ ብለሽ አንብቢ እስክልሽ ድረስ ያለውን በዓይንሽ ብቻ አንብቢው። አባትሽ አጠገብሽ ካለ ከንፈርሽም እንዳይንቀሳቀስ።

ባለፈው ሳምንት በናፍጣ ስልክ ደውለሽ የነገርሽኝ ከጆሮዬ አልወጣም። አባትሽ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ቁም ሣጥን እየከፈተ ቀንበር ይፈልጋል አልሽኝ። አራተኛ ፎቅ ላይ! የሱሪ ቀበቶውን ጅራፍ አድርጎ፣ ደረጃውን ወርዶ፣ የሰው መኪና ፊት ቆሞ በሬውን እንደሚጠራ «ና ቦራ፣ ና የኔ ጌታ» ሲል ዘበኛው አገኘው አልሽኝ። ቁልፉን ስትደብቂበት በሩ ሥር ቁጭ ብሎ «ዝናቡ ደረሰ፣ ማሳው አልታረሰም፣ ሰውዬው ብቻውን ነው» እያለ አለቀሰ አልሽኝ።

ሰውዬው የሚለው እኔን ነው። የልጆቹን ስም የረሳ ሰው የኔን ብቻዬን መሆን አልረሳም።

ከዚያ የፈለግሽውን ነገርሽኝ። «ጋሼ፣ በስልክ የሰማውን ወዲያው ነው የሚረሳው። ደብዳቤ ይላኩልኝ፣ በየማለዳው አነብለታለሁ። ታርሷል ይበሉት። ቦራም ደህና ነው ይበሉት። እኔን አያምነኝም፤ የእርስዎን ቃል ግን ያምናል፣ ዋሽተውት አያውቁማ» አልሽኝ። እኔም ስልኩን ለናፍጣ መለስኩለትና ወጥቼ ሄድኩ። ተቆጥቼ ነው። አሁንም ሙሉ በሙሉ አልበረደልኝም። ዋሽተውት ስለማያውቁ ይዋሹት! ይሄ ምን የሚሉት ልመና ነው? ሰው ዕድሜውን ሙሉ ጠብቆ ያኖረውን ነገር በስተርጅና ስበርልኝ ይባላል?

አንቺ በልጅነትሽ ስለወጣሽ ነገሩ ላይገባሽ ይችላል። አንድ በሬ ያለው ሰው በሬ የለውም ማለት ነው፤ አንድ እጅ አያጨበጭብም። አባትሽ ቦራ ነበረው፣ እኔ ዳልቻ ነበረኝ። መቀናጆ ሆነን አንድ ቀንበር ሥር አገባናቸውና አንድ ቀን የሱን፣ አንድ ቀን የኔን እያረስን ሁለታችንም ሸበትን። በሬዎቹ ሲያረጁ ሌሎች ተካን፤ ስማቸውን ግን አልለወጥነውም። ግንባሩ ላይ አንድም ነጭ የሌለበትን በሬ እንኳ አባትሽ ቦራ ብሎት አረፈ። ተጣልተን አናውቅም ብል ውሸት ይሆናል። አንድ ጊዜ ትልሙ መሐል ቆመን ስንሰዳደብ፣ «አንተ ቀርፋፋ» ስለው «ያንተ በሬ እንደ ጌታው ነው፣ ወሬ ሲሰማ ይቆማል» አለኝ። እርፉን ለቀን እስክንቀመጥ ሳቅን። በሬዎቹም ቆመው ጠበቁን።

ትራክተሩ ሲመጣ ሰዉ ሁሉ ድንበሩን አፍርሶ ማሳውን አገጣጠመ። እኔና አባትሽ እምቢ አልን። የኛ ሁለት ማሳ መሐል ላይ ብቻዋን፣ ጉንጭ ላይ እንደ ወጣ ማድያት ቀረች። መንገደኛ ሁሉ ሳቀብን፤ ይሳቅ። በኋላ ግን የአባትሽ ጉልበት ከዳው፣ አንቺም መጥተሽ ወሰድሽው። ውሰጂው ያልኩሽ እኔው ነኝ፣ አልጸጸትም። መኪናው ሞተር አስነሥቶ ሲጠብቅ የቦራን ገመድ እጄ ላይ አኖረና «ለእርሻ እመጣለሁ። አደራ» አለኝ። እኔም «ሂድ ወደዚያ፣ ሰው አታስጠብቅ» አልኩት። እንዲህ ነው የተለያየነው።

እርፍ ይዤ ብቻዬን ሞከርኩ። ወገቤ እንደ ደረቅ እንጨት ጮኸ። አንድ ጠዋት ትልሙ ላይ ተንበርክኬ ሲያገኘኝ፣ ናፍጣ ትራክተሩን ወደኛ ማሳ አዞረው። እኔም አልከለከልኩትም።

አልዋሽም፣ በደንብ ያርሳል። እኛ ሁለት ሳምንት የምንሞትበትን እስከ ምሳ ጨረሰው። እኛማ ስንቧጭር ነው ለካ የኖርነው። እህሉም እጥፍ ሆነ። ናፍጣ ይሄንን ሲጽፍ ጥርሱን አሳየኝ፤ ክደነው ብዬዋለሁ።

ነገር ግን የድንበሩ ሣር ከድንበሩ ጋር አብሮ ተገለበጠ። ለካ በሬዎቻችንን ያኖራቸው ማሳው ሳይሆን ድንበሩ ነበር። ጭዱን ተስፋ አድርጌ ነበር፤ አጫጁ ማሽን የጣለውን ገለባ ሌላ ማሽን እየጠቀለለ አሰረው፣ መኪና ጭኖት ወደማላውቀው አገር ሄደ። ጎተራው ሞልቶ በሬው የሚራብበት ዘመን ላይ ደረስኩ።

ዳልቻን ሸጥኩት። የራሴን። በሱ ዋጋ ለቦራ መኖ ገዛሁ። የኔ የኔ ነው፣ እንዳሻኝ አደርገዋለሁ፤ አደራ ግን አደራ ነው።

ቦራ የግራ በሬ ነው። ዳልቻ ከሄደ በኋላ ወደ ውኃ ስነዳው፣ መንገዱ ባዶ ሆኖ ሳለ የግራውን ጠርዝ ይዞ ይሄድ ጀመር። ቀኙን ይተወዋል። ሲተኛም እንደዚያው፣ ግማሽ በረቱን ለሌላ ትቶ። እኔም ሚስቴ ካረፈች ወዲህ የአልጋዬን መሐል አልለመድኩትምና አልፈረድኩበትም። መኖው ፊቱ ተከምሮ ያሸተውና ቀና ብሎ በሩን ያያል። አባበልኩት፣ ሰደብኩት፣ እንደ ልጅ በእጄ አጎረስኩት። አንድ ቀን ጠዋት አልተነሣም።

ቆዳ ነጋዴው ሳይጠሩት መጣ። በመጣበት እግሩ መለስኩት። ጉድጓዱን እኔ ጀመርኩት፣ ናፍጣ ጨረሰልኝ። ከዚያ ማን ያንቀሳቅሰው? ድሮ ቢሆን ስንት ጎረምሳ ነበር። ናፍጣ ቆቡን አውልቆ ትራክተሩን አስነሣ። ዕድሜ ልኩን ሲጎትት የኖረ በሬ በመጨረሻ እሱ ተጎተተ። የተቀበረው አባትሽ ማሳ ዳር ነው። ናፍጣ ሲያርስ እዚያ ጋ ሲደርስ ማረሻውን ያነሣል፤ እኔ አላዘዝኩትም።

እዚህ ላይ ናፍጣ ብዕሩን አቆመ።

«አባባ፣ ይሄንንም ልጻፈው?»

«ያልኩህን ጻፍ። የምከፍልህ እንድታመርጥልኝ አይደለም።»

«መቼ ከፈሉኝና?»

እሱስ እውነቱን ነው።

ደግሞ «አባባ፣ ማሳው ታርሶ የለም እንዴ? በዚህ እጄ ያረስኩት እኔ አይደለሁም? ታርሷል ቢሏቸው ምኑ ላይ ነው ውሸቱ?» አለኝ። አሰብኩት። ይሄንን ተቀበልኩ። «በሬውስ?» ስለው ግን አቀርቅሮ የጣቶቹን ቅባት ይፍቅ ጀመር።

ስለ በሬው ሳምንቱን ሙሉ ሳሰላስል ነው የከረምኩት። አደራ የተቀበለ ሰው፣ አደራው ከእጁ ሲጠፋ ፊት ለፊት ቆሞ ጠፋ ይላል። አባቴ ያሳደገኝ እንዲህ ነው። ይሄንን አስቤ እውነቱን ልነግረው ቆርጬ ነበር። በኋላ ግን አንቺ በየማለዳው አነብለታለሁ ያልሽው ትዝ አለኝ። የነገርሽውን ሁሉ ይረሳዋል ብለሻል። ስለዚህ በየማለዳው እንደ አዲስ ሊሰማው ነው። እያንዳንዷን ጠዋት ቦራ ሊሞትበት ነው። እኔ አንድ ጊዜ ቀብሬው፣ ይኸው በረቱን ዞር ብዬ ማየት አቅቶኛል። እሱ በየቀኑ እንዴት ይችለዋል?

እንግዲህ ኃጢአቱ በኔ ይሁን። አንቺ አንባቢ ብቻ ነሽ፣ ናፍጣም ብዕር ብቻ ነው። የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ከዚህ በታች ያለውን ጮክ ብለሽ አንብቢለት። በቀኝ ጆሮው በኩል ተቀመጪ፤ ግራው ድሮም ቢሆን የበሬ እንጂ የሰው ድምፅ አይሰማም።

መቀናጆዬ፣

እኔ ነኝ። ቀበቶህን አስቀምጥና አረፍ በል።

ማሳው ታርሷል። ያንተም፣ የኔም። ያቺ «ድንጋይ የዘሩባት» የምትላት የላይኛዋ ጥግ እንኳ ሳትቀር ተገልብጣለች። ጠልቆ ነው የታረሰው። አፈሩ ጥቁር ነው፣ ጭብጥ ስታደርገው እጅህን ያረጥበዋል። ዝናቡ ባሰኘው ቀን ይምጣ፤ ሳንሰናዳ አያገኘንም። ሰውዬው ብቻውን ነው ብለህም አትሥጋ። የሚያግዘኝ አለ። ምላሰኛ ነው እንጂ እጁ ጥሩ ነው።

ቦራ ደህና ነው። በልቷል፣ ጠጥቷል። ትናንት ከቀንበር ስፈታው እንደ ልማዱ በግንባሩ ገፍቶኝ ልወድቅ ነበር። ያንተ በሬ እንደ ጌታው ነው፣ ምስጋና አያውቅም። ዳልቻም ከቀኙ ተኝቷል። አንገት ለአንገት ሆነው እያመነዠኩ ነው፤ እኔም በረቱ በር ላይ ቆሜ እያየኋቸው ነው። ትንፋሻቸው እዚህ ድረስ ይሞቃል። አደራህ እንዳለ ነው።

ስለዚህ አትነሣ። ገና ነው፣ አልነጋም። የምንነሣበት ቀን ሲሆን እኔ ራሴ መጥቼ እንደ ድሮው ግድግዳህን በዱላ እመታልሃለሁ። ዱላዬን ካልሰማህ አትነሣ። ተኛ።

ልጄ፣ ንባቡን እዚህ ላይ አቁሚ። ከንግዲህ ያለው ላንቺ ነው።

ይሄንን ወረቀት ከውኃና ከልጆች ጠብቂው። እኔ የሞትኩ እንደሆነም ማንበብሽን አታቋርጪ፤ መሞቴንም አትንገሪው። በዱላው ድምፅ ይጠብቀኝ። አባትሽን እንደያዝሽው ልጆችሽ ይያዙሽ። ጉልበትሽ አይዛል፣ ቤትሽ አይጉደል፣ እኔ ያጣሁትን እንቅልፍ ላንቺና ለሱ ይስጥልኝ።

ፊርማ አላውቅም። አውራ ጣቴን ከሞተሩ ጥቁር ዘይት ነክሬ ከታች አትሜያለሁ። መሐሏ ላይ ያለችውን ጠባሳ አሳዪው። የቀንበሩ ማነቆ የሰነጠቃት ናት፤ ከሸሚዙ ቀዶ ያሰረልኝ እሱ ነው። ስሜን ቢረሳ እሷን አይረሳትም። እሷን ካየ ያምነኛል።

በል ናፍጣ፣ አሁን አንብብልኝ። ከላይ ለልጅቷ ያልኩትን ተወው፣ እሱን አውቀዋለሁ። «ቦራ ደህና ነው» ካልኩት ጀምር።

ቀስ እያልክ።