የስታቭ ግራ እግር ስንት ሻማ ነው?

ማንተገብሽ፣ ካርዱ ጠባብ ነውና ምሬቴን ጎንደር ስመለስ እነግርሻለሁ፤ አሁን ደስታዬን ስሚ።

የእህቴ ልጅ ስታቭ ከብስክሌት ወድቃ ግራ እግሯ ተሰብሮ ነበር። እዚህ እስራኤል፣ ረሆቮት ከተማ፣ በረንዳው ላይ ብስክሌቷን አስራ፣ ካለችበት ሳትንቀሳቀስ ትነዳለች። ፔዳሉ የሁለቱንም እግር ጉልበት ለየብቻ ለክቶ ቁጥሩን በእጅ በሚያዝ መለኪያ ላይ ያሳያል። ሐኪሙ «ግራው ከቀኙ እኩል ሳይሆን መንገድ አትውጪ» ብሏታል። ቁጥሩን ስታይ እልህ እየያዛት እግሯን ስለምታሳምም፣ መለኪያውን ዛሬ ለእኔ ሰጠችኝ።

«ዶዳ፣ ስንት ዋት ነው? ይንገሩኝ» አለች። ዶዳ አክስት ማለት ነው።

«ዋት ደግሞ ምንድን ነው?»

«አምፖል ላይ የሚጻፈው!»

«ታዲያ ሻማ አትይም! ግራው አርባ ሻማ፣ ቀኙ ስልሳ።»

እየሳቀች ረገጠች። አርባ አምስት፣ ሃምሳ አምስት።

«ቀስ በይ አንቺ እብድ፣ የሚያባርርሽ የለም!»

ከዚያ ሃምሳ፣ ሃምሳ ሆነ። መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አነበብኩት። በጎልማሶች ትምህርት አንቺና እኔ ቁጥር ስንሳሳት የሳቁብን ሰዎች ይህን ባዩ! ልጅቱ በእኔ ንባብ አምና ብስክሌቷን ፈታች፤ እስከ ማርሞሬክ ሰፈር ደርሳ ሳያማት ተመለሰች። እልልታዬን ሲሰሙ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰላምታዬን ያልመለሱ ጎረቤቶች በየመስኮቱ ብቅ አሉ።

ወንድሜን አለበልን ከነልጆቹ ሳሚልኝ። ቦታው አለቀ። ይህን ካርድ ማንም እንዳያነብልሽ፤ ቀስ ብለሽ ራስሽ አንብቢው።

ያንቺዋ አመለወርቅ